በር ሰባሪውና አብሮ ኗሪው፦ የኮማንዶ ግዳጅ ከ1941 እስከ ዛሬ

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ልዩ ኃይል ነው። ቃሉ በየቦታው ብዙ ነገር ተጭኖበታልና መጀመሪያ እናጥራው። እኔ የምለው በመደበኛ ጦር ውስጥ ያሉትን፣ በቁጥር ትንሽ የሆኑትን፣ በምርጫና በሥልጠና ከሌላው ወታደር የተለዩትን ነው። ኮማንዶ በሏቸው፣ የልዩ ዘመቻ ኃይል በሏቸው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አንድ ሌሊት ወደ ኋላ ይዤያችሁ ልመለስ። ዲሴምበር 1941 ነው። ቦታው ሊቢያ፣ ታሜት የሚባል የአየር ማረፊያ። ጥቂት የእንግሊዝ ወታደሮች በጨለማ ወደ ቆሙት አውሮፕላኖች እየተጠጉ ነው። መሪያቸው ፓዲ ሜይን ይባላል። እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ቦምቦች ተሸክመዋል። ቦምቡን የፈጠረው ከራሳቸው አንዱ፣ ጆክ ሉዊስ የሚባል መኮንን ነው። እስከዚያ ድረስ በእጃቸው የነበረው ነገር ወይ ይፈነዳል ወይ ያቃጥላል። ሁለቱንም የሚያደርግ፣ አንድ ሰው ብዙውን ይዞ በእግሩ ሊሄድበት የሚችል ነገር አልነበረም። ሉዊስ ካምፕ ውስጥ ቁጭ ብሎ እያቦካ፣ እየሞከረ፣ እንደገና እያቦካ አገኘው። ወታደሮቹ ቦምቡን ክንፉ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ወደሚቀጥለው አውሮፕላን ያልፋሉ። በዚያ ሌሊት ከ20 በላይ አውሮፕላኖች ወደሙ። ሉዊስ ግን ወሩ አላለቀለትም። ከሌላ ግዳጅ ሲመለስ ከአየር በተተኮሰ ጥይት ሞተ።

ይህ ቡድን ኤስ ኤ ኤስ፣ የእንግሊዝ ልዩ የአየር አገልግሎት የሚባለው፣ ነው። ዛሬ ስሙን የማያውቅ ጥቂት ነው። ያኔ ግን የመፍረስ አፋፍ ላይ ነበር። አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 1941፣ የመጀመሪያ ግዳጁን ሲወጣ 55 ያህል ሰዎች በማዕበል ውስጥ በጃንጥላ ዘለሉ። የተመለሱት 22 ያህል ብቻ ናቸው። አንድም አውሮፕላን አላወደሙም።

የመሥራቹ የዴቪድ ስተርሊንግ ሐሳብ ቀላል ነበር። ቀደም ሲል ኮማንዶዎች የሚላኩት በመርከብ፣ 200 እየሆኑ ነው። ከእነዚያ ብዙዎቹ ባሕሩ ዳርቻ ላይ መመለሻውን ሲጠብቁ ያመሻሉ። ስተርሊንግ፣ አራት አምስት ሰው በትክክል ከሠለጠነ የ200ውን ሥራ ይሠራል አለ። ጃንጥላው ከከሸፈ በኋላ ዘዴውን ለወጠ። የበረሃውን መንገድ እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ የቅኝት ጓዶች ነበሩ። በእነሱ መኪና መሄድ ጀመረ። ውጤቱ ወዲያው ታየ። በበረሃው ጦርነት ቡድኑ መሬት ላይ ያጠፋቸው አውሮፕላኖች ከ250 ይበልጣሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ግዳጅ ይህ ነው። ተደብቀህ ግባ፣ ምታ፣ ውጣ። እኔ ይህን ወገን በር ሰባሪ ብዬ ልጠራው።

በዚያው ዓመት፣ ወራት ቀደም ብሎ፣ ሌላ ልደት ነበር። እሱ ብዙ አይወራለትም። ጃንዋሪ 20 ቀን 1941 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነስተው ኡም ኢድላ በሚባለው ቦታ ድንበሩን ተሻገሩ። ከዚያ በኋላ በጎጃም ዘመቻውን የመራው የእንግሊዝ መኮንን ኦርድ ዊንጌት ነው። ጦሩን የጌዴዎን ጦር አለው። የመጽሐፍ ቅዱሱን ጌዴዎን ታውቁታላችሁ፤ በ300 ሰው ብዙ ሺህ ጠላት ያሸበረውን። የዊንጌት መደበኛ ወታደሮች ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ ቁጥራቸው ሁለት ሺህ ገደማ ነው። ጭነታቸው በግመል ነው። ግመሎቹ ደጋውን ሲወጡ በሺዎች አለቁ። ፊት ለፊታቸው የነበረው የጣሊያን ጦር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። ዊንጌት መጥቶ አርበኛ አልፈጠረም። አርበኛው አምስት ዓመት ሙሉ ዱር ቤቴ ብሎ ሲዋጋ ነበር። ከውጭ የመጡት መኮንኖችና ጥቂት የበታች ማዕረግ ያላቸው ወታደሮች ያመጡት ሌላ ነገር ነው፦ ሬዲዮ፣ ጥይት፣ ገንዘብ፣ መቼና የት እንደሚመታ ከትልቁ ጦር ጋር የሚያገናኝ ሰንሰለት። አርበኛው ደግሞ መሬቱን፣ ሕዝቡንና ምክንያቱን ይዞ ጠበቃቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ጣሊያን የጠላቱን ብዛት መገመት አቃተው። ትልቅ ጦር የመጣበት መስሎት ከቡሬ፣ በኋላም ከደብረ ማርቆስ ለቀቀ።

ይህ ሁለተኛው ግዳጅ ነው። ግባ፣ ከሕዝቡ ጋር ኑር፣ እነሱ እንዲዋጉ አግዝ። ይህን ወገን አብሮ ኗሪ ልበለው።

ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ታሪክ በመሠረቱ የእነዚህ የሁለቱ ታሪክ ነው። ለሰማንያ ዓመታት ተጎራብተው ኖረዋል። አንዳንዴ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ፣ በአንድ ዩኒፎርም ስር። እኔ እንደማምነው፣ በር ሰባሪው ቀስ በቀስ የአብሮ ኗሪውን ድርሻ በልቶበታል። ለምን እንደሆነ እንይ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ1944 በፈረንሳይ ሦስት ሦስት ሰው የያዙ ከ90 በላይ ቡድኖች በጃንጥላ ወረዱ። ጄድበርግ ይባላሉ። አንድ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ መኮንን፣ ብዙ ጊዜ አንድ ፈረንሳዊ መኮንንና አንድ የሬዲዮ ባለሙያ። ሥራቸው የፈረንሳይን ሽምቅ ተዋጊ ማስታጠቅና ማቀናጀት ነበር። ከእነዚያ መካከል አንዱ አሮን ባንክ ነው። ስሙን ያዙልኝ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሁሉም ተበተነ። ኤስ ኤ ኤስ በ1945 ፈረሰ። የአሜሪካ የስለላና የሽምቅ ድርጅትም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ጄኔራሎች እነዚህን ሰዎች ብዙም አይወዷቸውም ነበር። ምርጥ ወታደሮቻችንን ይወስዱብናል፣ ሥርዓት አይጠብቁም፣ ይላሉ። ቅሬታው ዛሬም አለ። ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው ማለትም አልችልም።

ቀዝቃዛው ጦርነት መልሶ ጠራቸው። ሶቪየት ኅብረት በ1950 የራሷን ልዩ ኃይል፣ ስፔትስናዝን፣ አቋቋመች። ዋናው ሥራው ጦርነት ቢነሳ ከጠላት ጀርባ ገብቶ የኒውክሌር መሣሪያዎችን ፈልጎ ማጥፋት ነበር። አሜሪካ ደግሞ በ1952፣ በፎርት ብራግ፣ 10ኛውን የልዩ ኃይል ቡድን መሠረተች። የመጀመሪያው አዛዥ አሮን ባንክ ነው፤ ያ የጄድበርጉ ሰው። ሐሳቡ ሶቪየት ምዕራብ አውሮፓን ብትወር ከጀርባዋ ገብቶ ሕዝቡን ለሽምቅ ውጊያ ማደራጀት ነው። ቡድኑ በትንንሽ ጓዶች የተከፋፈለ ነው፤ የአንዱ ጓድ አሠራር እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። 12 ሰው ነው። መሪው ሻምበል ነው። ከሥሩ ሁለት የመሣሪያ፣ ሁለት የምህንድስና፣ ሁለት የሕክምና፣ ሁለት የመገናኛ ባለሙያዎች አሉ። ለምን ሁለት ሁለት? ጓዱ ለሁለት ቢከፈል ስድስቱም ስድስቱም ሙሉ እንዲሆኑ ነው። ቋንቋ ይማራሉ። ሐኪሙ ማዋለድም፣ ጥርስ መንቀልም፣ ከብት ማከምም ይማራል። ይህ ለበር ሰባሪ የሚያስፈልግ ሥልጠና አይደለም። ለአብሮ ኗሪ ነው።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ሽምቅ ሊያስነሱ የሠለጠኑት ሰዎች ሽምቅ እንዲያጠፉ ተላኩ። ምክንያቱ ይገባል፤ ሽምቅን ከሚሠራው ሰው በላይ ማን ያውቀዋል? እንግሊዞች በ1950ዎቹ በማላያ ጫካ ኤስ ኤ ኤስን መልሰው ያቋቋሙት ለዚህ ነው። ወታደሮቹ ወራትን ጫካ ውስጥ ከነባሩ ሕዝብ ጋር እየኖሩ፣ በሽተኛ እያከሙ፣ ወዳጅነት እየፈጠሩ ሽምቁን ከስንቁና ከወሬ ምንጩ ነጠሉት።

በቬትናም ደግሞ ቡዎን ኤናኦ የምትባል መንደር ነበረች። በ1961 መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ልዩ ኃይል ወታደሮች ወደዚች የራዴ ብሔረሰብ መንደር መጡ። መጀመሪያ ያደረጉት ተኩስ አይደለም። ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። የመንደሩ ሰው በራሱ እጅ አጥር ሠራ፣ ለሴቶችና ለልጆች መጠለያ ቆፈረ፣ ትንሽ የሕክምና ቤት ተከፈተ። መሣሪያ የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ተልዕኮውም አንድ ብቻ ነበር፤ መንደርህን ጠብቅ። በ1962 መጨረሻ 200 ያህል መንደሮች ገቡበት።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ያሳዝነኛል። ሥራው ሲሳካ ትልቁ ጦር ተረከበው። ተረካቢዎቹ ያዩት መንደር አይደለም፣ የታጠቀ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ታጣቂ አጥር ጥበቃ ላይ ምን ያስቀምጠዋል? ብለው ድንበር ወደ መቃኘትና ወደ ማጥቃት ወሰዱት። መንደሮቹ ለደቡብ ቬትናም ባለ ሥልጣናት ሲተላለፉ መተማመኑ ተበጠሰ። በሴፕቴምበር 1964 ያ ተራራማ ሕዝብ በመንግሥት ላይ አመፀ። በሕዝብ አመኔታ የቆመ ነገር በትእዛዝ ሊቀጥል አልቻለም።

ዶፋር ላይ ግን ተሳክቷል። ዶፋር የኦማን ደቡብ ነው። ከ1970 ጀምሮ ጥቂት የኤስ ኤ ኤስ ወታደሮች ዘመቱበት። እጁን የሰጠ ታጣቂን አላሰሩትም። ፊርቃት በሚባል ቡድን አደራጁት፣ በገዛ ተራራው መልሰው አሰማሩት። አንድ ቦታ ከተያዘ ወዲያው ውኃ ይቆፈራል፣ ክሊኒክ ይከፈታል፣ የእንስሳት ሐኪም ይመጣል። የተራራው ሰው ሀብቱ ከብቱ ነውና ከብቱን ያዳነለትን አይረሳም። ዘጠኝ ወታደሮች በጁላይ 1972 ሚርባት ላይ በመቶዎች የሚቆጠር አጥቂ የመከቱበት ውጊያ ዝነኛ ነው፤ ይገባዋልም። ጦርነቱን ያሸነፈው ግን የውኃ ጉድጓዱና የእንስሳት ሐኪሙ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

አሁን የሁሉ ነገር መታጠፊያ ወደሆነው ቀን እንምጣ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1972፣ ሙኒክ፣ ኦሊምፒክ።

ጥቁር መስከረም የሚባል የፍልስጤም ድርጅት ስምንት ታጣቂዎች የእስራኤልን ቡድን ማረፊያ ሰብረው ገቡ። ሁለት ሰው ገደሉ፣ ዘጠኝ አገቱ። ምዕራብ ጀርመን ለዚህ የተዘጋጀ አንድም ቡድን አልነበራትም። ፖሊሶች የስፖርት ቱታ ለብሰው ጣሪያ ላይ ወጡ። ቴሌቪዥን ደግሞ በቀጥታ እያሳያቸው ነው። ታጣቂዎቹ ያሉበት ሕንፃ ውስጥም ቴሌቪዥን አለ። ሥራው ተሰረዘ። ማታ ላይ ታጋቾቹን ወደ ፉርስተንፌልድብሩክ የጦር አየር ማረፊያ ወሰዷቸው። ስምንት ታጣቂ ለሚጠብቅ ቦታ የተመደቡት ተኳሾች አምስት ናቸው። አልሞ ለመተኮስ የሠለጠኑ አልነበሩም። እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ አልነበራቸውም። አውሮፕላን ውስጥ ተደብቀው እንዲጠብቁ የተመደቡት ፖሊሶች ግዳጁ ሞት ነው ብለው ተስማምተው ጥለውት ወጡ። ሌሊቱ ሲያበቃ ዘጠኙም ታጋቾች ሞተዋል። በጠቅላላ 11 እስራኤላውያንና አንድ ፖሊስ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ወር ሳይሞላ ምዕራብ ጀርመን ጂ ኤስ ጂ 9 የተባለውን ቡድን ለማቋቋም ወሰነች። መሪው ኡልሪክ ቬጌነር ሆነ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ግዳጁ ሙሉ በሙሉ አዲስ ነው። ከጠላት ጀርባ መግባት የለም። ጠላቱ ክፍል ውስጥ ነው፣ ንጹሃን ሰዎች አጠገቡ ተቀምጠዋል። ከመጀመሪያው ጥይት እስከ መጨረሻው ያለው ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል። ስለዚህ ሥልጠናው ተለወጠ። ክፍል በክፍል እየገቡ ማንን መተኮስ፣ ማንን አለመተኮስ እንዳለባቸው በቅጽበት መለየት ተማሩ። በቀን በመቶ የሚቆጠር ጥይት ተተኮሰ። ቀስ በቀስ ከቋንቋና ከሕክምና ይልቅ ይህ የልዩ ኃይል ፊት ሆነ።

ድሎቹም መጡ። ጁላይ 1976 የእስራኤል ኮማንዶዎች ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር በረው ኢንቴቤ ላይ ከ100 በላይ ታጋቾችን አስለቀቁ። ኦክቶበር 1977 የቬጌነር ሰዎች ሞቃዲሾ ላይ አንድ የተጠለፈ የሉፍታንዛ አውሮፕላን ሰብረው ገቡ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩ ታጋቾች ሁሉ ተረፉ። ካፒቴኑን ግን ጠላፊዎቹ ቀደም ብለው ኤደን ላይ ገድለውታል። ከዚያ ሜይ 5 ቀን 1980 ለንደን፣ የኢራን ኤምባሲ። ጥቁር የለበሱ የኤስ ኤ ኤስ ሰዎች ታጋቾችን ሊያስለቅቁ ከሰገነቱ በመስኮት ሲገቡ ሕዝብ በቴሌቪዥን በቀጥታ አየ። 17 ደቂቃ ነበር። ሙኒክ ላይ ግዳጁን ያበላሸው ካሜራ ለንደን ላይ ዝና ሠራላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ መሪዎች ሁሉ እንደዚህ ዓይነት ቡድን እንዲኖራቸው ፈለጉ።

ግን ከለንደኑ ቀን 10 ቀን ብቻ ቀደም ብሎ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ ከድሎቹ ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ቴህራን ውስጥ የታገቱትን አሜሪካውያን ለማስለቀቅ የወጣው ዘመቻ ንስር ጥፍር ይባል ነበር። ዴልታ የተባለው ቡድን ነው የሚገባው። መሥራቹ ቻርሊ ቤክዊዝ ከኤስ ኤ ኤስ ጋር አገልግሎ ትምህርቱን ከዚያ ያመጣ ሰው ነው። ሰዎቹ ዝግጁ ነበሩ። ችግሩ ሰዎቹ ላይ አልነበረም። ስምንት ሄሊኮፕተሮች ከመርከብ ተነሱ። ለግዳጁ ቢያንስ ስድስት ያስፈልጋሉ። አንዷ በብልሽት ምልክት በረሃ ላይ ቀረች። አንዷ አቧራ ውስጥ ገብታ ተመለሰች። ሦስተኛዋ መገናኛው ቦታ ደርሳ ተበላሸች። አምስት ቀሩ። ግዳጁ ተሰረዘ። ሊመለሱ ሲነሱ ደግሞ አንዲት ሄሊኮፕተር ከነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን ጋር ተጋጨች። ስምንት ሰዎች ተቃጥለው ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ ያየው ነገር ቀላል ነው። አብራሪዎቹ ከአንድ ቦታ፣ ሄሊኮፕተሮቹ ከሌላ፣ ኮማንዶዎቹ ከሦስተኛ መጥተዋል። ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ሙሉውን ግዳጅ አንድ ቀን እንኳ አልተለማመዱትም። አሜሪካ ከዚህ ተነስታ በዚያው 1980 የጋራ ልዩ ዘመቻ ዕዝ አቋቋመች። ለሌሊት በረራ ብቻ የሚሠለጥን የሄሊኮፕተር ቡድን ፈጠረች። በ1987 ደግሞ ሁሉንም ልዩ ኃይል የሚያስተዳድር፣ የራሱ በጀት ያለው ዕዝ በሕግ ቆመ። በሜይ 2011 አቦታባድ ላይ ኦሳማ ቢን ላደንን ሊይዙ የሄዱት ሄሊኮፕተሮች ሁለት ነበሩ። አንዷ ግቢው ውስጥ ወደቀች። ግን መጠባበቂያ ተዘጋጅቶ ነበርና ግዳጁ አልተቋረጠም፣ ሁሉም ተመለሱ። እኔ ያንን ሌሊት ሳስብ የሚታየኝ የ1980ው በረሃ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ አብሮ ኗሪው የት ሄደ? አልጠፋም። ኦክቶበር 19 ቀን 2001 አንድ የ12 ሰው ቡድን በሰሜን አፍጋኒስታን ተራሮች አረፈ። ታሊባንን ከሚወጉት ከጄኔራል ዶስተም ተዋጊዎች ጋር ተቀላቀለ። መጓጓዣው ፈረስ ነው። ከወታደሮቹ አብዛኞቹ ፈረስ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። በፈረስ ላይ ሆነው ሬዲዮና ሌዘር ይዘው ከሰማይ ቦምብ ጣይ ይጠራሉ። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆን ማዛር ኢ ሸሪፍ ተያዘች። ኖቬምበር 13 ካቡል ወደቀች። መሬት ላይ የነበሩት አሜሪካውያን ገና በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ጎጃምን አስታውሱ። መሬቱ የአገሬው ነው፣ ተዋጊው የአገሬው ነው፣ ከውጭ የመጣው ማገናኛው ነው።

ከዚያ ኢራቅ መጣ። በር ሰባሪው ፋብሪካ የሆነው እዚያ ነው።

ጄኔራል ስታንሊ ማክሪስታል የጋራ ልዩ ዘመቻ ዕዙን ሲይዝ ያስቸገረው ጠላት መዋቅር የለሽ ነበር። አንዱን አለቃ ስትይዝ ሌላው በማግሥቱ ይተካል። ከተበረበረ ቤት የተለቀመው ወረቀትና ስልክ ደግሞ በከረጢት ታጭቆ ሳይነበብ ይሰነብታል። እሱ ይህን ለወጠ። ኮማንዶውን፣ የስለላ ተንታኙን፣ የድሮን ተቆጣጣሪውን፣ የስልክ ጠላፊውን አንድ አዳራሽ ውስጥ አስቀመጣቸው። ዛሬ ማታ የተገኘው ስልክ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሌላ ቤት ይመራል። በ2004 ክረምት ላይ በወር ሃያ የማይሞላው ወረራ ከሁለት ዓመት በኋላ በወር 300 ደረሰ። በጁን 2006 የአልቃይዳው የኢራቅ መሪ አቡ ሙሳብ አል ዛርቃዊ ተገደለ።

እንደ ሥራ አደረጃጀት ካያችሁት ድንቅ ነው። እኔም አደንቀዋለሁ። ግን አስቡት፤ በወር 300 ቤት። እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ልጆች፣ አያቶች፣ ጎረቤት አለ። መረጃው ልክ የሆነበት ሌሊት አለ፣ የተሳሳተበትም አለ። በአፍጋኒስታንም እንዲሁ ነበር፤ የአገሪቱ መሪዎች ለዓመታት በተደጋጋሚ ያሰሙት ምሬት ይህ የሌሊት ወረራ ነበር። የተያዘው ሰው ቁጥር በየቀኑ ይቆጠራል። በተሰበረው በር ምክንያት ቂም የያዘው ሰው ግን በየትኛው ሰንጠረዥ ይገባል?

መሪዎች በር ሰባሪውን ለምን ይወዱታል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ይህ ነው። ውጤቱ ጠዋት ይታያል። ስም አለው፣ ፎቶ አለው፣ ለምክር ቤት ይነገራል። ብዙ ጦር መላክ አያስፈልግም፣ ብዙ ክርክርም አያስነሳም። አብሮ ኗሪው ግን ሪፖርቱ አሰልቺ ነው። በዚህ ወር ከሽማግሌዎች ጋር ስድስት ጊዜ ሻይ ጠጣን፣ 40 ሕፃናት አከምን፣ አንድም ጥይት አልተኮስንም። ይህንን ማን ያጨበጭብለታል?

በዚህ መንገድ ኃይሉ አደገ። የአሜሪካው ልዩ ዘመቻ ዕዝ ዛሬ 70,000 ገደማ ሰው አለው። አንድ ወታደር አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ይዘምታል። ያው ቤተሰብ፣ ያው ጉልበት፣ ያው አእምሮ። ይህ ሰውን ይሰብራል። ተግሣጽንም ይሰብራል። በኖቬምበር 2020 የወጣው የአውስትራሊያ ምርመራ፣ ብሪረተን ሪፖርት የሚባለው፣ የአገሪቱ ልዩ ኃይል አባላት በአፍጋኒስታን 39 ሰዎችን በሕገ ወጥ መንገድ እንደገደሉ የሚያሳይ አሳማኝ መረጃ አግኝቻለሁ አለ። እስረኞች፣ ገበሬዎች፣ ሲቪሎች። አዲስ ወታደር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እንዲገድል እስረኛ እንዲተኩስ ይታዘዝ እንደነበር ጽፏል። ይህን ሳነብ ለቀናት ከረመብኝ። እነዚህ በምርጫ ያለፉ፣ የአገራቸው ምርጥ የተባሉ ሰዎች ናቸው። ምስጢር፣ ክብርና ማለቂያ የሌለው ወረራ አንድ ላይ ሲገናኙ፣ የሚጠይቅ ሰው ሲጠፋ፣ ምርጥ መሆን ብቻውን አላዳናቸውም።

አሁን ዘመኑ እንደገና ዞሯል። ትልልቅ አገሮች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። በፌብሩዋሪ 2014 ክራይሚያ ውስጥ ምልክት የሌለው ዩኒፎርም የለበሱ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ የሩሲያ ወታደሮች የምክር ቤቱን ሕንፃ ያዙ። ውጊያ የለም ማለት ይቻላል። ግዳጁ ማሸነፍ ብቻ አልነበረም፤ ማን እንደሆኑ እስኪጣራ ጊዜ መግዛትም ነበር። በ2022 ግን ያው የሩሲያ ስፔትስናዝ እንደ ተራ እግረኛ ምሽግ ለምሽግ ተሰልፎ ክፉኛ ተጎዳ። ለዓመታት የሠለጠነ ሰው በአንድ ጠዋት መድፍ አለቀ። ልዩ ኃይልን በችኮላ መተካት አይቻልም። ይህን ሁሉም አዛዥ ያውቀዋል፣ ሲጨንቀው ግን ይረሳዋል።

ከዚያ ደግሞ ጁን 1 ቀን 2025። ሩሲያ ውስጥ፣ አንዳንዶቹ ከዩክሬን ድንበር በሺዎች ኪሎ ሜትር በሚርቁ የአየር ማረፊያዎች አጠገብ፣ ከጭነት መኪኖች ላይ ጣሪያ ተከፈተና ትንንሽ ድሮኖች ተነሱ። 117 እንደነበሩ ዩክሬን ተናግራለች። የቆሙ ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን አቃጠሉ። ዝግጅቱ ከዓመት ተኩል በላይ ፈጅቷል። የሠራው የዩክሬን የደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው፤ ወታደራዊ ኮማንዶ አይደለም። ግን ሥራውን እዩት። ሩቅ አየር ማረፊያ፣ የቆመ አውሮፕላን፣ ትንሽ ፈንጂ። ታሜት ነው። ጆክ ሉዊስ ቢያየው ወዲያው ይገባው ነበር። ልዩነቱ ክንፉ ላይ ቦምቡን ያስቀመጠ እጅ አለመኖሩ ነው። ሰዎቹ ከዚያ ቀደም ብለው ከአገር ወጥተዋል ተብሏል።

ስለዚህ የበር ሰባሪው ሥራ ግማሹ ወደ ማሽን እየሄደ ነው። ቦምብ ማስቀመጥ፣ መቃኘት፣ አንድን ሰው ከሩቅ መከታተል፣ ድሮን ይሠራዋል። ካሜራና የስልክ ዱካ በሞላበት ከተማ በሐሰት ስም መግባት ራሱ ከባድ ሆኗል። ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብሎ አመኔታ ማግኘት ግን ድሮን አይሠራውም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልንገራችሁና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ። ከ2014 በኋላ የአሜሪካ ልዩ ኃይል አሠልጣኞች ወደ ዩክሬን ይመላለሱ ነበር። ዩክሬን በ2016 የራሷን የልዩ ዘመቻ ኃይል ስታቋቁም አብረው ነበሩ። ከእነዚህ አሠልጣኞች መካከል የ10ኛው ቡድን ሰዎች ይገኙበታል። አዎ፣ አሮን ባንክ በ1952 ለዚሁ ሥራ ያቋቋመው ያው ቡድን። ለዓመታት አስተማሩ፣ አብረው በሉ፣ ስም በስም ተዋወቁ። በዚያ ሥራ አንድም በር አልተሰበረም፣ ዜናም አልሆነም። በፌብሩዋሪ 2022 ጦርነቱ ሊጀመር ሲል አሠልጣኞቹ ታዘው ወጡ። ያሠለጠኗቸው ሰዎች ግን እዚያው ቀሩ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ኪየቭን ለመጠበቅ ከወጡት መካከል እነሱ ነበሩበት።